የኋላ እግሩ ለደከመ ያረጀ ውሻ የማደርገው

ያረጀ የግቢ ውሻ ሲነሣ ኋላውን መጎተት ከጀመረ፣ ከመድኃኒት በፊት አንድ ነገር አያለሁ። አቁሜው ሆዱን በአንድ እጄ ደግፌ፣ የኋላ መዳፉን ገልብጬ ጀርባውን መሬት አስነካዋለሁ። ወዲያው ካስተካከለው ብዙውን ጊዜ ችግሩ መገጣጠሚያው ነው። እንደተገለበጠ ከተወው ግን ነርቩ ወይም አከርካሪው ስለሆነ ማስታገሻ ብቻውን አይመልሰውም። ሁለቱም እግሮች በድንገት ከከዱት በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ለመገጣጠሚያ ሕመም መጀመሪያ የማስተካክለው ወለሉን ነው። ሴራሚክ ወይም የተለሰነ ሲሚንቶ ላይ እግሩ ይከፈትበታል፤ ስለዚህ መነሣት ይፈራል፣ ሳይነሣ በዋለ ቁጥር ደግሞ ጡንቻው ይሟሽሻል። ከመኝታው እስከ ውሃው የማይንሸራተት ምንጣፍ እዘረጋለሁ። ጥፍሩንም አሳጥራለሁ፤ የረዘመ ጥፍር መዳፉ መሬት እንዳይቆነጥጥ ያደርጋል። መኝታው 10 ሳንቲም ሜትር ስፖንጅ ነው፣ በላዩ ላስቲክ፣ ከዚያ የሚታጠብ ጨርቅ። ስፖንጁን በጉልበቴ ስጫነው ወለሉ ከተሰማኝ እደርበዋለሁ፤ አለዚያ ክርኑና ዳሌው ይቆስላሉ።

ለማንሣት ፎጣ በሆዱ ሥር ከኋላ እግሮቹ ፊት አሳልፌ ሁለቱን ጫፍ ወደ ላይ እይዛለሁ። ወንድ ከሆነ መሽኛውን እንዳይጫነው ትንሽ ወደ ፊት። አዳማ ላይ እግር ማፍታቻው ጠዋት 12 ሰዓት ግድም ወይም ከመሸ በኋላ ነው፤ ቀን አስፋልቱ መዳፍ ይልጣል።

የሰው ማስታገሻ አይሰጥም፤ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ጨጓራና ኩላሊት ያበላሻሉ። ሐኪም ሜሎክሲካም የተባለ ማስታገሻ ካዘዘ የተለመደው መጠን በመጀመሪያው ቀን በኪሎ 0.2 ሚሊግራም፣ ከዚያ በቀን አንዴ 0.1 ነው፣ ከምግብ ጋር። 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ በመጀመሪያው ቀን 4፣ ከዚያ በቀን 2 ሚሊግራም ማለት ነው። ዴክሳሜታሶን የተባለ የስቴሮይድ መድኃኒት ተወግቶ ከሆነ ለሐኪሙ ይነገር፤ ሁለቱ ሲገናኙ ጨጓራ ያቆስላሉ። ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ማስታገሻውን ወዲያው አቆማለሁ።

ጎድን አጥንቱ በእጅ ካልተዳሰሰ ወፍሯል፣ ምግቡን እቀንሳለሁ። የወጥ ፍርፋሪ ሽንኩርት ስላለበት ጭራሽ አልሰጥም።

መነሣት ካቃተው በየ4 ሰዓቱ ጎኑን አገላብጣለሁ። በዚህ ሙቀት ትልቁ ጠላት ዝንብ ነው፤ ሽንት ያረጠበው ፀጉር ላይ እንቁላሏን ትጥላለች። ፀጉሩን አሳጥሬ፣ ለብ ባለ ውሃ አጥቤ፣ አድርቄ ቫዝሊን በስሱ እቀባለሁ። ትል ከታየ በወረንጦ ለቅሜ ሐኪም ጋ እወስደዋለሁ። ነጭ ጋዝ ማፍሰስ የተለመደ ቢሆንም ቆዳውን አቃጥሎ ቁስሉን ያሰፋዋል፤ ውሻውም ሲልሰው ይመረዛል።