ስድስተኛው ወር፦ ባክሀንዴና የዊልዲንግ ግቢ

ቴኒስ ከጀመርኩ ስድስተኛ ወር ሆነኝ። ባለፈው ወር ከባክሀንድ (የእጅን ጀርባ ወደ ኳሷ አዙሮ ከሚመታው ምት) ጋር እንደተኳረፍን ነግሬያችሁ ነበር። አሁን ሰላምታ ጀምረናል። ግድግዳ ላይ ሳልስት በተከታታይ የምመታው ከ7 ወደ 23 አድጓል። ጥፋቴ ትከሻዬን የማዞረው ኳሷ አጠገቤ ከደረሰች በኋላ መሆኑ ነበር፤ አሁን ገና ከግድግዳው ስትነሳ እዞራለሁ። ከመረቡ ማዶ ሰው ሲቆም ግን 23ቱ እንደ ጤዛ ይረግፋል።

እጄ አልታዘዝ ባለኝ ምሽት ስለ ቀድሞ ተጫዋቾች አነባለሁ። የዚህ ወር ሰውዬ ኒውዚላንዳዊው አንቶኒ ዊልዲንግ ነው። የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1883 በክራይስትቸርች ነው። አባቱ ፍሬድሪክ ጠበቃ ናቸው፤ ክሪኬት ተጫውተዋል፣ በቴኒስም የአገራቸውን የጥንድ ሻምፒዮና ደጋግመው አሸንፈዋል። የቴኒስ ሜዳው እዚያው ግቢያቸው ውስጥ ነበር! እኔ በሳምንት ለሁለት ሰዓት ሜዳ ወረፋ እጠብቃለሁ። እውነቱን ለመናገር ቀናሁ።

ቅናቴ የበረደው አኗኗሩን ሳነብ ነው። አይጠጣም፣ አያጨስም፤ ጨዋታው በረዘመ ቁጥር ተጋጣሚው ሲዝል እሱ ገና ነው። ከ1910 እስከ 1913 የለንደኑን ትልቅ የቴኒስ ውድድር ዊምብልደንን በተከታታይ አራት ጊዜ አሸነፈ። በዚያን ዘመን ያለፈው ዓመት አሸናፊ ሌሎቹ ሲጣሉ ተቀምጦ ይጠብቅና የመጨረሻውን ሰው ብቻ ይገጥም ነበር፤ ሦስቱን ዋንጫዎች ያስጠበቀው በዚህ ደንብ ነው። ታዲያ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ በ1913 በሰርቩ (በመክፈቻ ምቱ) የሚፈራውን አሜሪካዊ ሞሪስ ማክላፍሊንን በሦስት ስብስብ (ግጥሚያው በሚከፈልባቸው ዙሮች) 8ለ6፣ 6ለ3፣ 10ለ8 ነው የረታው። እኩል የሆነን ስብስብ በአንድ አጭር ጨዋታ የሚቋጭ ታይብሬክ የሚባል መገላገያ ገና አልተፈጠረም ነበር። በዚያው ዓመት ፓሪስ ላይ በሸክላ ሜዳ፣ ስቶክሆልም ላይ በቤት ውስጥ ሜዳ የዓለም ሻምፒዮናዎችን ወስዷል። ሞተር ብስክሌትም ነፍሱ ነበር፤ ውድድር ለውድድር አውሮፓን ያካለለበት ጊዜ አለ።

በ1914 ዊምብልደን ላይ በኖርማን ብሩክስ ተሸነፈ። ያው ብሩክስ የጥንድ አጋሩ ነው፤ በዚያው ክረምት አብረው የዊምብልደንን የጥንድ ዋንጫና የቡድን ውድድሩን ዴቪስ ካፕን አነሱ። ቀጥሎ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣ። እ.ኤ.አ. ሜይ 9 ቀን 1915 ፈረንሳይ ውስጥ ኑቭ ሻፔል አካባቢ በከባድ መሣሪያ ተገደለ። ዕድሜው 31 ነበር።

እኔ ራኬት የጨበጥኩት በ34 ዓመቴ ነው። ለሰባተኛው ወር ሩጫ ጨምሬያለሁ፤ ጠዋት ጠዋት 20 ደቂቃ። ሁለተኛው ስብስብ ላይ እግሬ እየከዳኝ ባክሀንዴን ብቻ ስወቅስ ከርሜያለሁ።