ዱቄትሊ፦ የመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት በነጻ

እኔ ወፍጮ ቤት ነው ያለኝ። ጎንደር፣ ከቅዳሜ ገበያ ወረድ ብሎ። አንድ የጤፍ ወፍጮ፣ አንድ የበርበሬና የሽሮ፣ አንድ ሚዛን፣ ከአባቴ የወረስኩት አንድ አግዳሚ ወንበር። በሩ ላይ «ወፍጮ ቤት» ይላል። ፊደሉ ለቋል፤ ቢሆንም ፀጉር ቤት መስሎት ጆንያውን ተሸክሞ የተመለሰ ሰው አላጋጠመኝም።

የእህቴ ልጅ ኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቆ፣ አዲስ አበባ የስታርታፕ ስልጠና የሚሉትን ወስዶ መጣ። ጥቁር ቲሸርት ለብሷል፤ ሰላምታ እንኳ በወጉ ሳይጨርስ፣

«ጋሼ፣ እርስዎ የሚፈቱት ችግር ምንድን ነው?» አለኝ።

«ቺንጋው ይበጠሳል።»

«እሱ የእርስዎ ችግር ነው። የደንበኛውን ነው የጠየቅኩት።»

ግማሽ ቀን አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ሲያጠና ዋለና ችግሩን አገኘው፦ ሰው ተራ ይጠብቃል። ልጅ ነው፣ አይፈረድበትም። የሰፈራችን ሴቶች ወፍጮ ቤት የሚመጡት ለተራው ጭምር መሆኑን ማን ይንገረው? ተራዋ ደርሶ «እሷ ትቅደም» የምትል ሴት ካያችሁ ትሕትና ይዟት እንዳይመስላችሁ፤ የጎረቤቷ የፍቺ ወሬ ገና ሽማግሌዎቹ ጋ ስላልደረሰ ነው።

በማግስቱ ፒያሳ አንድ ካፌ ቁጭ ብሎ ባንዲት ማኪያቶ ድረ ገጹን ጨርሶት መጣ። ሐምራዊ ነው። ከላይ እስከ ታች ሐምራዊ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ። መሀል ላይ በትልቁ፦ «የዱቄትን ነገ ዛሬ እንፈጫለን»። ከሥሩ ሁለት ቁልፍ፦ «አሁኑኑ ይጀምሩ» እና «ማሳያ ይያዙ»። የወፍጮ ማሳያ ምን እንደሆነ ጠየቅኩት። «አይጨነቁ፣ ቁልፉ መኖር ስላለበት ነው» አለኝ።

የድርጅታችን ስም ዱቄትሊ ሆኗል። ለምን «ሊ»? ነጥብ ኤልዋይ የሚል አድራሻ ለስም ጭራ ይመቻል አለኝ። ለካ ኤልዋይ የሊቢያ አገር የኢንተርኔት መለያ ነው። የእኛዋ ነጥብ ኢቲ ቁጭ ብላ፣ ሽምብራው የደምቢያ፣ ወፍጮው የጎንደር፣ አድራሻው የትሪፖሊ።

«ሁሉም ትልልቅ ኩባንያ እንዲህ ነው የሚሠራው» ሲለኝ እስቲ አሳየኝ አልኩት። አሳየኝ። አንዱ የሒሳብ ሶፍትዌር ይሸጣል፣ አንዱ የውሻ ምግብ፣ አንዱን እስከ ታች አንብቤውም ምን እንደሚሸጥ አላወቅኩም። ገጻቸው ግን አንድ ነው፦ አንድ ግዙፍ ዓረፍተ ነገር፣ ሁለት ቁልፍ፣ የታመነብን በሚል ግራጫ ግራጫ የድርጅት አርማ፣ ሦስት ዓምድ ባለ ትንንሽ ሥዕል፣ የደንበኛ ምስጋና፣ ሦስት ዋጋ። ስማቸውን በሌሊት ብትቀያይሩባቸው ባለቤቶቹም ሳያውቁ ሥራ ይውላሉ።

የእኛም በዚያው ልክ ተሰፋ። በአርማዎቹ ቦታ የሰፈሩ እድር ድንኳን ገባ። «ቡድናችን» በሚለው ገጽ እኔ እጄን አጣምሬ «መሥራችና ሲኢኦ» ተብያለሁ፤ እህል የሚያፈሰው ልጅ «ዋና የኦፕሬሽን ኃላፊ» ሆኖ በማግስቱ ደመወዝ ይጨመርልኝ አለ፤ ባለ አህያው «የሎጂስቲክስ አጋር» ነው። ከሁላችንም ፎቶ ያማረለት ለአህያው ነው።

ምስጋናው ጋ ደግሞ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ የሰካች፣ ጥርሷ በረዶ የመሰለ ፈረንጅ ሴት አለች፦ «ዱቄትሊ ሕይወቴን ቀየረው። — ጄኒፈር፣ የገበያ ኃላፊ»። ሰፈሩ ውስጥ የመጀመሪያው ጥያቄ የመጣው ከዚህ ነው። አንዷ ደንበኛዬ ወገቧን ይዛ፣ «ይቺ መቼ መጥታ ነው ያስፈጨችው? ለፈረንጅ ሌሊት ትፈጫለህ፣ እኛን ነገ ተመለሱ ትለናለህ!» አለችኝ።

ሁለተኛው የመጣው ከመሪጌታ ነው። «ታሪካችን» በሚለው ሥር ልጁ ሳይሞላው የተወው «ሎሬም ኢፕሰም» የሚል አንቀጽ ነበር። ዲዛይነሮች ባዶ ቦታ የሚሞሉበት ነው፤ ሲሴሮ የሚባል ሮማዊ ከክርስቶስ ልደት 45 ዓመት በፊት የጻፈውን ቆራርጠው ያበላሹት ላቲን ነው። መሪጌታ ከልጅ ልጃቸው ስልክ ላይ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው አዩትና፣

«ላቲን ነው» አሉ። «ፋሲል ኢየሱሳውያንን ያባረረው ይሄን ከተማ ሳይቆረቁር ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1630ዎቹ። በባሕር በር ሲከለከሉ አሁን በወፍጮ ቤት ገቡ?»

ልጁ በዚያው ቀን አጠፋው። አራት መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ጉዳይ በእኔ ሚዛን ፊት እንዲከፈት ማንም አይፈልግም።

ቁጥሩ ግን ሳይጠፋ ቀረ። ገጹ መሀል «ከ10,000 በላይ ደስተኛ ደንበኞች» ይላል፤ ስትከፍቱት ከዜሮ ተነስቶ ሽቅብ ይሮጣል። ከቴምፕሌቱ (ተሠርቶ ከሚገኘው የገጽ ናሙና) ጋር የመጣ ነው አለኝ ልጁ። ለግብር የቀን ገቢ የሚገምተው ሰውዬ ሚዛኑ ፊት ቆሞ፣ ቁጥሩ ሮጦ ሮጦ እስኪቆም በትዕግሥት ጠበቀና ደብተሩን አወጣ።

«ደስተኛ ያልሆኑትስ ሲጨመሩ ስንት ይመጣሉ?»

እሱን ለማስረዳት የጠጣነውን ቡና እኔ ነኝ የከፈልኩት።

አሁን ወደ ዋጋው። ሦስት ናቸው፦ «ነጻ»፣ «ፕሮ»፣ «ኢንተርፕራይዝ»። ፕሮው ላይ «ተመራጭ» የሚል ሪባን አለበት፤ ማን እንደመረጠው አይታወቅም። ኢንተርፕራይዙ ዋጋ የለውም፣ «ያነጋግሩን» ነው የሚለው። (ይሄንስ ቅዳሜ ገበያ የበርበሬ ነጋዴ ሁሉ ከድሮ ያውቀዋል፤ ጫማችሁን አይቶ ነው ዋጋ የሚነግራችሁ።) ነጻው ግን እንዲህ ይላል፦ «14 ቀን ያለ ምንም ክፍያ ይሞክሩ። ያልተገደበ አጠቃቀም።»

«ልጄ፣ ይሄ ነጻ የሚለውስ?»

«ጋሼ፣ ነጻ ካልሰጡ ማን ይገባል? ሶፍትዌር አንዴ ከተሠራ በኋላ አሥር ሺኛው ሰው ቢጨመርበት ወጪው ኢምንት ነው። ከነጻዎቹ ጥቂቱ ወደ ፕሮ ከተሻገረ ያዋጣል።»

«እኛ ሶፍትዌር ነን?»

መልስ ሳይሰጠኝ ሊንኩን የሰፈሩ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀው። ሁዳዴ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው።

ቅዳሜ ጠዋት በሩን ስከፍት ሰልፉ መታጠፊያውን አልፎ ባጃጅ መንገድ ዘግቷል። ሽሮ፣ ጤፍ፣ በሶ፣ ብቅል፣ የአምናው የተረሳ በርበሬ ሳይቀር ወጥቷል። የማላውቃቸው ሰዎች ከአዘዞ ተሳፍረው መጥተዋል። አንዷ ሦስት ኩንታል አራግፋ «ያልተገደበ ይላል» ብላ ስልኳን አሳየችኝ። የእህቴ ልጅ አግዳሚው ላይ ቆሞ ቪዲዮ ይቀርጻል፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ጋሼ፣ ትራክሽን! ይሄ ትራክሽን ነው!» ገበያ ያዝን ማለቱ ነው።

መሀል ላይ ፕሮ የከፈለ ጎረምሳ መጣ። በቴሌብር ከፍሎ ደረሰኙን ይዞ፣ አምስት ኪሎ በሶ አንጠልጥሎ «ቅድሚያ አለኝ» ብሎ ወደ ፊት ሲያልፍ ከሰልፉ አንዲት ወፍራም ድምፅ፦

«ፕሮም ሁን ፕሮፌሰር፣ ከኋላዬ ነህ።»

ከኋላዋ ሆነ።

አራት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ይሄ በእኛ ቤት ዜና አይደለም፤ ሰው ተቀምጦ ያወራል፣ ይመጣል። ግን ድረ ገጹ ሥር «99.9 በመቶ የማይቋረጥ አገልግሎት» ይላል። ሰልፉ ውስጥ የሒሳብ መምህር አለ፤ ጆንያው ላይ በጣቱ አሰላውና «ይሄ ማለት በወር የሚፈቀድላችሁ መቋረጥ 43 ደቂቃ ነው» ብሎ አወጀ። መብራቱ የመጣው ከሁለት ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው። የሦስት ወሩን ኮታ በአንድ ጠዋት ጨረስነው፤ መምህሩም በየግማሽ ሰዓቱ ያስታውሰን ነበር።

«ነጻ የለም፣ ስህተት ነው፣ ኑ እንመዝን» ስል ጩኸቱ በረታና ነገሩ ለሽማግሌ ደረሰ። ሦስት አባቶች እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሁለታችንንም ሰሙን። የእህቴ ልጅ ስለ ኮንቨርዥን፣ ነጻው ወደ ከፋይ ስለሚሻገርበት ነገር፣ ሊያስረዳቸው ሲጀምር አንዱ በእጃቸው አስቆሙት። ፍርዳቸው አጭር ነበር፦ «ጽፈሃል። የጻፍከውን ትፈጫለህ።» ለእኔ አዝነው ግን ሁለት ነገር ጨመሩልኝ፦ በሰው ከሃያ ኪሎ አይለፍ፣ በአንድ ስም አንድ ጊዜ ብቻ ይሁን። መሪጌታ ራሳቸው ደብተር አስመጥተው ስም ሲመዘግቡ ዋሉ።

ድንጋዩ ሁለቴ ተወቀረ፣ ቺንጋ ሁለቴ ተበጠሰ፣ የመብራቱን ሒሳብ አትጠይቁኝ። ወደ ፕሮ የተሻገረ የለም። ጎረምሳውም ገንዘቤን መልሱልኝ ብሎ ወደ ነጻ ወርዷል።

«ጋሼ፣ ፒቮት እናድርግ» አለኝ ልጁ ማታ ዱቄቱን ከቲሸርቱ እያራገፈ። «ከዱቄቱ እንውጣ። ለሌሎች ወፍጮ ቤቶች ድረ ገጽ እንሽጥ።» እናቱ ጋ ደወልኩ።

ድረ ገጹ ወርዷል። ነጻውም አብቅቷል ብዬ በሩ ላይ በካርቶን ጻፍኩ። በማግስቱ ከሥላሴ ቅዳሴ የተመለሱ አንዲት እናት፣ ባለፈው ሃያ ኪሏቸውን አስፈጭተው የሄዱ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ሌላ ስልቻ ሚዛኑ ላይ አስቀመጡ።

«እማማ፣ እርስዎ እኮ ተመዝግበዋል። በአንድ ስም አንድ ጊዜ ነው የተባለው።»

«አውቃለሁ ልጄ። ያን ጊዜ የተመዘገብኩት በዓለም ስሜ ነው» አሉኝ። «ዛሬ በክርስትና ስሜ ነው የመጣሁት።»