ያልሰጠሁት ቁጥር

ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ጠዋት ስልኬን ስከፍት ኢሜይል ተደርድሮ ጠበቀኝ። የመጀመሪያው ስቶክሆልም ከሚኖሩ አንዲት እናት ነበር። «ልጄ፣ ስልኬ ዛሬ መስከረም 1 ነው ይላል። ሣር ጎዝጉዤ፣ ቡና አፍልቼ አዲስ አበባ ላለችው እህቴ እንኳን አደረሰሽ ልላት ደወልኩ። ነገ ነው አለችኝ። ምን ነክቶት ነው?»

ምን እንደነካው ለማወቅ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ለማመን ደግሞ ከዚያ በላይ።

የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጅ፣ የፈረንጁን ወደ ኢትዮጵያ የሚቀይር ትንሽ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች ወስደው የሚጠቀሙበት ኮድ አለኝ። ኦፕን ሶርስ ነው። ማንም ወስዶ ይጠቀምበታል፤ ደስም ይለኛል። እኔ ለሰው የለቀቅኩት የመጨረሻው ቨርዥን 1.4 ነው። የእኚህ እናት ስልክ ላይ ያለው የቀን መቁጠሪያ አፕ ግን «በ2.0 የተሠራ» ይላል። 2.0 የሚባል ነገር ለማንም ሰጥቼ አላውቅም።

አፑን የሚሠሩት እንደኔው በትርፍ ሰዓታቸው የሚደክሙ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ያደረጉት ይህ ነው፦ ገና እየጻፍኩት ያለውን፣ ግማሹ የፈረሰ ግማሹ ያልተሠራ ኮድ አንድ ቀን እንዳለ ገለበጡት። እኔ ፋይሉ ውስጥ ለራሴ ማስታወሻ ያህል 2.0 ብዬ ጽፌ ነበር። እነሱም ያንኑ ቁጥር ይዘው ለሕዝብ ለቀቁት።

ስህተቱ አንድ መስመር ላይ ነው። ጳጉሜ ስድስት የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ነው። በስሌት ስንሄድ፣ ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ተካፍሎ ሦስት ሲተርፍ ማለት ነው። 2015 ለአራት ሲካፈል ሦስት ይተርፋል። እኔ ኮዱን እንደ አዲስ ስጽፍ የፈረንጁ ደንብ እጄ ላይ ነበርና «ዜሮ ሲተርፍ» ብዬ አለፍኩ። በዚህ የተነሣ ስድስተኛዋ ቀን ከሉቃስ ተነሥታ ወደ ዮሐንስ ሄደች። ካልታረመ 2016ን ሙሉ እያንዳንዱ ቀን አንድ ቀን ይቀድማል። በዓሉም፣ ጾሙም፣ የልጁ ልደትም። መለቀቂያው ሲደርስ የምፈትሸው ነገር ነበር። መለቀቂያው ግን እኔ ሳላውቅ ደርሷል።

በጣም ተናደድኩ። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ብዬ የሚጀምር ረጅም ደብዳቤ ጻፍኩ። ልልከው ስል አንድ የድሮ ታሪክ ትዝ አለኝና እጄን ያዘኝ። ተማሪ ሳለን ሊነክስ የሚባለውን ነፃ የኮምፒውተር ማስኬጃ ሥርዓት በሲዲ ከእጅ ወደ እጅ ስንቀባበል የሰማሁት ነው፤ የጂሲሲ 2.96 ታሪክ።

ጂሲሲ ኮምፓይለር ነው። ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ ይለውጣል። የሊነክስ ዓለም እንዳለ የሚሠራበት መሣሪያ ነበር። የሚሠሩት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ተጣልተው ለሁለት ተከፍለው፣ በ1999 ታርቀው ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ 2.95ን ለቀቁ። ከዚያ በኋላ ጥቃቅን እርማት ካልሆነ በስተቀር ትልቅ ልቀት የለም። 3.0 ይመጣል ይባላል፤ አይመጣም።

ሊነክስን አዘጋጅቶ የሚያቀርበው ሬድ ሃት የተባለ ድርጅት ደግሞ መጠበቅ አልቻለም። ኢታኒየም የሚባለው አዲሱ የኢንቴል ፕሮሰሰር እየመጣ ነው። ሲ ፕላስ ፕላስ የሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋም በወጉ የሚሠራ ኮምፓይለር ይፈልጋል። ስለዚህ ገና በሥራ ላይ ካለው የጂሲሲ ኮድ አንድ ቅጂ ወሰደ፣ የራሱን እርማት ጨመረ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 2000 ላይ በሬድ ሃት ሊነክስ 7 ውስጥ አወጣው። የቁጥሩ ስም 2.96 ነው። የጂሲሲ ቡድን 2.96 ብሎ የለቀቀው ነገር ግን አልነበረም።

ባዳ ቢሆን ነገሩ በቀለለ። ሬድ ሃት ሲግነስን ከገዛ ገና አንድ ዓመት አልሞላውም። ሲግነስ ማለት ብዙዎቹ የጂሲሲ ሠራተኞች የሚሠሩበት ድርጅት ነው። ኮዱን የወሰዱትና ኮዱን የሚጽፉት ሰዎች በከፊል በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። እኔ ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር የሚከነክነኝ እሱ ነው። ለመነጋገር ኮሪደር መሻገር በቂ ነበር።

የጂሲሲ አመራር ኮሚቴ በቀጣዩ ወር መግለጫ አወጣ። 2.96 የእኛ ልቀት አይደለም አለ። በእሱ የተሠራ የሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮግራም ከ2.95ም ጋር፣ ከሚመጣው 3.0ም ጋር አይስማማም ሲል አስጠነቀቀ።

«አይስማማም» የሚለው ቃል ቀላል ይመስላል፤ ግን ጣጣው ብዙ ነው። ኮምፓይለሩ ለእያንዳንዷ የፕሮግራም ክፍል እኛ ከምንጠራት ስም ሌላ የተደበቀ ስም ያወጣላታል። ልክ እንደ ክርስትና ስም ነው። ሰፈር ውስጥ አበበ የሚባለው ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ኃይለ ሚካኤል ይሆናል። ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚፈላለጉት በዚህ ስም ነው። በ3.0 ይህ የስም አወጣጥ ተቀየረ፤ ስሞቹ ሁሉ በሥር ሰረዝና በዜድ ፊደል መጀመር ጀመሩ። በአንዱ ኮምፓይለር የተጠመቀውን በሌላው ስም ብትጣራ ወይ የሚልህ የለም። ከስሙ ሌላ የውስጥ አቀማመጡም ይለያያል። አንዱ ማሽን ላይ የሠራኸው ሌላው ላይ አይሄድም።

ጦሱ ለብዙ ሰው ተረፈ። ሬድ ሃት ራሱ የሊነክስን ከርነል፣ ማለትም የሥርዓቱን እምብርት ለመሥራት ኬጂሲሲ የሚባል ሌላ አሮጌ ኮምፓይለር አብሮ መስጠት ነበረበት። ኤምፕሌየር የሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ሰዎች 2.96ን አንቀበልም አሉ፤ ብዙ ጊዜም ከተጠቃሚዎች ጋር ተጨቃጨቁበት። የጂሲሲ ቡድን ግራ መጋባቱን ለማስቆም በእጁ ያለውን ኮድ ቁጥር ወደ 2.97 አሻገረ። የገዛ ቁጥራቸውን ዘለሉት ማለት ነው። ይቺን ሳስብ የእኔ 2.0 ትዝ ትለኛለች።

ለሬድ ሃት ፍርድ ልስጥ ካልኩ ግን እውነቱን ልናገር። በኋላ በተከታታይ ያወጣቸው እርማቶች 2.96ን ደህና መሣሪያ አድርገውታል። ማንድሬክ የተባለ ሌላ የሊነክስ አቅራቢም ወስዶ ተጠቅሞበታል። ችግሩ ቀድሞ መውሰዱ ብቻ አልነበረም። የሰው ስም ለጥፎ ማውጣቱ ነው። ሁለት ዓመት ገደማ ያለ ትልቅ ልቀት የቆየ ቡድንም ከጥፋቱ ድርሻ አለው።

3.0 የወጣው እ.ኤ.አ. ሰኔ 2001 ነው። ስምምነቱ የመጣው ደግሞ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2002፣ በ3.2 ነው። የ3.2 ዋና ዓላማው ሁሉም የሚጋራው አንድ የሲ ፕላስ ፕላስ ውል፣ ማለትም አንድ የስም አወጣጥና የውስጥ አቀማመጥ እንዲኖር ነበር። በዚያው መጸው ሬድ ሃት 8.0፣ ማንድሬክ 9.0 እና ሱዜ 8.1 ሁሉም 3.2ን ይዘው ወጡ። ዛሬ ደግሞ ሬድ ሃት የሚደግፈው ፌዶራ የተባለ ሊነክስ በየዓመቱ መጀመሪያ ገና ባልተለቀቀ ጂሲሲ በሺዎች የሚቆጠሩ ፕሮግራሞችን እንደገና ይሠራበታል። የተገኘው ስህተት ከልቀቱ በፊት ለጂሲሲ ይደርሳል። ያኔ ያጣላቸው ሥራ ያው ራሱ ነው። አሁን ተነጋግረው፣ «ገና ነው» የሚል ቁጥር ለጥፈው ይሠሩታል።

ደብዳቤውን አጠፋሁትና ስልክ ደወልኩ። አፑን የሚመራው ልጅ ጀርመን ነው ያለው። እንዳነሣ ይቅርታ ጠየቀኝ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብሎ፣ «ወንድሜ፣ ሁለት ዓመት ጠበቅንህ እኮ» አለኝ። «1.4 በአዲሱ ስልክ ላይ አልሠራ አለ። ሦስት ጊዜ ጻፍንልህ።»

ኢሜይሌን ገልብጬ አየሁ። ሦስቱም አሉ። አንዱንም አልመለስኩም። ያን ጊዜ ሥራ ቀይሬ፣ ልጅ ተወልዶልኝ ነበር። እሱ ግን ይህን በምን ያውቃል? ዝም ማለቴን ነው ያየው። ይህን ሳነብ ንዴቴ ወጣልኝ፤ ሐፍረት ተተካ።

ያን ሌሊት ሁለታችንም አልተኛንም። እኔ 1.4ን ለአዲሱ ስልክ አስተካክዬ 1.4.1 ብዬ ለቀቅኩ። እሱ ደግሞ በዚያው አፑን ቀይሮ ከመንጋቱ በፊት አወጣው። «2.0 የላይብረሪው ባለቤት ያልለቀቀው ነበር፤ ስህተቱ የእኛ ነው» ብሎም ጻፈ። ማንም አላስገደደውም። ስቶክሆልም ላሉት እናት እኔው መለስኩላቸው። «እንግዲያው ነገም አፈላለሁ» አሉኝ።

አሁን በእጄ ያለው ኮድ ሁሉ ቁጥሩ መጨረሻ ላይ «ሙከራ» የሚል ቃልና የተጻፈበት ቀን አለው። ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ እነሱ ወስደው ይሞክሩታል። የተበላሸውን ለእኔ ይልካሉ፤ እኔም በሳምንት ውስጥ መልስ እሰጣለሁ። እውነተኛው 2.0 በ2016 ግንቦት ላይ ወጣ። ከመውጣቱ በፊት ልጁ ራሱ የጻፈውን የመፈተሻ ፋይል ላከልኝ። አርባ ቀናት ተዘርዝረውበታል። የመጀመሪያው መስመር ላይ ያለው ጳጉሜ 6 ቀን 2019 ነው።