የ28 ቀኑ መርፌና ጳጉሜን

የጡት ካንሰሬ አጥንት ላይ ደርሶ ነው የተገኘው። ገና የወር አበባዬ አልቆመም ነበር። ምርመራው ካንሰሩ በሆርሞን የሚያድግ መሆኑን ስላሳየ ኦቫሪን (የሴት እንቁላል ማመንጫውን) የሚያስተኛ መርፌ፣ ዞላዴክስ፣ ከሌትሮዞል ክኒን ጋር ታዘዘልኝ። መርፌው ሆድ ላይ ከቆዳ ሥር ይሰጣል። ወፍራም ነው፣ ያማል፣ ያልፋል። ድንገት የሚነሳ ሙቀት፣ ላብ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፦ ይኼን ሁሉም ይነግራችኋል።

የቀኑን ነገር ግን ማንም አልነገረኝም። 3.6 ሚሊግራሙ ዞላዴክስ በየ28 ቀኑ ነው የሚወጉት። የእኛ ወር 30 ቀን ነው። ካርዴ ላይ «በየወሩ» ተብሎ ስለተጻፈ ቀጠሮ የምትሰጠው ልጅ ሁልጊዜ በ12 ትቀጥረኛለች። ሁለት ቀን ይሁን፣ አልተጨቃጨቅኩም። ነሐሴ 12 ስወጋ ግን ቀጣዩን መስከረም 12 አለችኝ። ጳጉሜንስ? ቆጠርኩላት፤ 35 ቀን ይሆናል። «የኔ እህት፣ ዶክተሩ በየወሩ ነው ያለው» ብላ ቀጣዩን ሰው ጠራች።

መስከረም 12 ሄድኩ። «መድኃኒቱ አልገባም፤ ከመስቀል በኋላ ነይ።» ለበዓል ቀሚስ የማሰፋ ነው የመሰላቸው! ከመስቀል በፊት የወር አበባዬ መጣ።

ይኼ ተራ መዘግየት አይደለም። ሌትሮዞል ኦቫሪ የሚያመርተውን ኢስትሮጅን፣ ማለትም ካንሰሩን የሚያሳድገውን የሴት ሆርሞን፣ ብቻውን አይችለውም። ሥራው ኦቫሪ ከተኛ በኋላ ከስብና ከመሳሰለው የሚመጣውን መዝጋት ነው። ኦቫሪ ከነቃ ደግሞ ጭራሽ ክኒኑ ራሱ ይቀሰቅሰዋል። «ክኒኑን እየዋጥኩ ነው፣ ምንም አይል» ብሎ መጽናናት አይሠራም። የኢስትራዲዮል (የዋናው ኢስትሮጅን) ምርመራ ታዘዘልኝ፤ ከፍ ብሎ ተገኘ። ዶክተሩ ማንን ቢቆጣ ጥሩ ነው? እኔን። «ለምን ዘገየሽ?» አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ስለዚህ ወሩን እርሱት፣ ሳምንት ቁጠሩ። 28 ቀን ድፍን አራት ሳምንት ነው። ሐሙስ ከተወጋችሁ ከዚያ በኋላ ያለው አራተኛው ሐሙስ ነው ቀናችሁ። ካርዱ ሌላ ቢል ካርዱን አስቀይሩ እንጂ ዝም አትበሉ። ደም ካያችሁም ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ሂዱ።

«መድኃኒቱን እዚሁ ታገኛላችሁ፣ ቤት አታስቀምጡ» ይላሉ። እኔ አልሰማቸውም። አቅም ካለ የሚቀጥለው መርፌ ቀድሞ ይገዛ። ከ25 ዲግሪ በታች መቀመጥ ነው ያለበት፤ አዲስ አበባ ጥላ ያለበት ቁም ሳጥን ይበቃዋል፣ ድሬዳዋ ግን ሌላ ነው። 3.6 ጠፍቶ 10.8 ቢሰጧችሁ ዶክተራችሁን ሳትጠይቁ አትቀበሉ። እሱ በዋናነት ለወንዶች ፕሮስቴት ካንሰር የሚሰጥ የሦስት ወር መርፌ ነው።

የሚቆጨኝ አንድ ነገር፣ ኦቫሪን በቀዶ ጥገና ማስወጣት የሚባል ምርጫ እንዳለ ማንም ቀድሞ አለመናገሩ ነው። ራሴ ጠይቄ ነው ያወቅኩት። «ወጣት ነሽ፣ አትቸኩዪ» አሉኝ። መውለድ ለምትፈልግ ሴት ከባድ ውሳኔ ነው፣ አይመለስም። እኔ ግን ልጆቼን ወልጃለሁ፤ መርፌው በየበዓሉ በሚጠፋበት አገር ምን እጠብቃለሁ? ጥር ላይ አስወጣሁት። ሌትሮዞሉን አሁንም እውጣለሁ፣ ቀጠሮ ሰጪዋ ጋ ግን ለመርፌ አልሰለፍም።