የሞተር ሳይክል ቤንዚን ታንክን ያለ ቀለም ማቃናት

ሞተሬ ወድቆ መሪው ታንኩን ሰረጎደው። በፀጉር ማድረቂያ አሙቆ በበረዶ ማቀዝቀዝ የሚባለውን ዘዴ እርሱት፤ የታንክ ብረት ጥምዝ ስለሆነ ንቅንቅ አይልም። እኔን ያዋጣኝ ትኩስ ሙጫ ነው። ቅባት ካለ ሙጫው ስለማይዝ ቦታውን በአልኮል ጠራረግሁት። የፕላስቲክ መሳቢያ በሙጫው ስርጉዱ ላይ ለጠፍኩና ሙጫው ሲደርቅ ከዳር ወደ መሃል እያልኩ ሳብኩ። ጧ ብሎ ሲላቀቅ ያስደነግጣል! የፋብሪካ ቀለም ብዙ ጊዜ ይችለዋል፤ በድጋሚ የተቀባ ግን አብሮ ሊነሳ ይችላል። አብጦ የወጣውን በፕላስቲክ ዘንግ ቀስ ብሎ መታ መታ ማድረግ ነው። የመብራቱ ነጸብራቅ አሁንም ትንሽ ይወላገዳል፤ ከእኔ በቀር ግን ማንም አያየውም።

ስለታም እጥፋት ካለው ባትልፉ ይሻላል፤ ስቱኮና ቀለም መፈለጉ አይቀርም። እሳት ግን በጭራሽ አታስጠጉ፦ ባዶ በሚመስል ታንክ ውስጥ የቀረ የቤንዚን ትነት ይፈነዳል።