ራጆን ሮንዶና ከወንድሜ ጋር ያልጨረስነው ክርክር

ታላቅ ወንድሜና እኔ በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ (ኤንቢኤ) ተጫዋች በነበረው በራጆን ሮንዶ ጉዳይ መከራከር ከጀመርን ዓመታት ተቆጥረዋል። ሰውየው በ2024 ጫማውን ሰቅሏል፤ የእኛ ክርክር ግን አልተሰቀለም። ባለፈው ቅዳሜም እንደገና ተነሳ። የወንድሜ ክስ አጭር ነው፤ «ጎበዝ ነበር፤ ጠባዩ ግን በላው።»

እኔ ሁልጊዜ የምጠራው ምስክር ሜይ 30 ቀን 2012 ነው፤ የሮንዶ ቡድን ቦስተን ሴልቲክስ ከማያሚ ሂት በሊጉ የምሥራቅ ምድብ የፍጻሜ ፉክክር ሁለተኛ ጨዋታ። ተጋጣሚዎች ሮንዶን ከሩቅ መወርወር አይችልም ብለው ሁለት ሦስት እርምጃ ይርቁት ነበር። በዚያች ምሽት ግን ከ24 ሙከራ 16ቱን አገባ። ጭማሪ ሰዓቱን ጨምሮ 53ቱንም ደቂቃ ሳያርፍ ተጫውቶ 44 ነጥብ አስቆጠረ፤ 10 ኳስ ለነጥብ አቀበለ፤ 8 ሪባውንድ (ሳይገባ የተመለሰ ኳስ) ያዘ። ቦስተን በጭማሪው ሰዓት ያገኘው 12 ነጥብ በሙሉ የእሱ ነው። ውጤቱ 105 ለ105 ሳለ ወደ ቅርጫቱ ሰንጥቆ ገባ፤ የማያሚው ድዌይን ዌድ እጅ ፊቱን መታው፤ ፊሽካ አልተነፋም። ማያሚዎች ኳሱን ይዘው ሄደው አስቆጠሩ። ጨዋታው 115 ለ111 አለቀ። ያን ፊሽካ እስከ ዛሬ እጠብቀዋለሁ።

«ተሸንፏል እኮ» ይላል ወንድሜ። ቀጥሎም በአራተኛው ጨዋታ እረፍት ላይ የሰጠውን ቃለ መጠይቅ ያነሳል። የማያሚ ተጫዋቾች ለዳኛ ሲያለቅሱ እኛ እንሮጣለን የሚል መልስ ነበር የሰጠው። ወንድሜ ይህን ንቀት ይለዋል። እኔ ደግሞ ያየውን የተናገረ ሰው ነው የማየው፤ ሌሎቹ ወደ ዳኛው ሲዞሩ እሱ ባዶውን ሜዳ ይመለከት ነበር። ፖይንት ጋርድ፣ የቡድኑን ጨዋታ የሚመራው ተጫዋች፣ ከዚህ ሌላ ምን ሥራ አለው?

የሮንዶ ዓይን ምን ያህል እንደሚያይ ለማወቅ አጨዋወቱን ማየት ነው። ሮንዶ ወደ ቅርጫቱ ሲገባ ኳሱን በአንድ እጁ ከጀርባው አዙሮ ወደ ጥግ የሚያቀብል ያስመስላል። ተከላካዩ አንገቱን ወደ ጥጉ ሲያዞር ኳሱ ከእጁ አልወጣም፤ መልሶ ፊት ለፊት አምጥቶ በእርጋታ ያስቀምጠዋል። ተከላካዩ የሚያስበውን ቀድሞ ያነበበ ሰው ብቻ ነው ይህን የሚያደርገው።

እንዲህ የሚያነብ ሰው ደግሞ ሌላ ሰው ሲያዝዘው አይመቸውም። ችግሩ የተወለደው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በዲሴምበር 2014 ወደ ዳላስ ቡድን ሲዛወር የጠበቀው አሰልጣኝ ሪክ ካርላይል ነበር፤ የማጥቃት እንቅስቃሴውን ከሜዳው ዳር ሆኖ መጥራት የሚወድ ሰው። በፌብሩዋሪ በጨዋታ መካከል ተጨቃጨቁ፤ ሮንዶም አንድ ጨዋታ ታገደ። ከዚያ የሂውስተኑ የጥሎ ማለፍ ሁለተኛ ጨዋታ መጣ። ሦስተኛው ሩብ እንደተጀመረ ኳሱን እያነጠረ ደንቡ በሚፈቅደው ስምንት ሰከንድ ውስጥ የሜዳውን አጋማሽ ሳያልፍ ቀረ። ወዲያውም ጥፋት ሠራ፤ ከሜዳ ወጣ፤ ለዳላስ ዳግመኛ አልተጫወተም።

ያችን ቅንጭብ ደጋግሜ አይቻታለሁ። ልከላከልለት አልችልም። ኳሱን የሚያነጥረው ሰው የደከመ አይመስልም፤ ልቡ የሄደ ይመስላል። በ2011 የግራ ክርኑ ከመጋጠሚያው ወጥቶ፣ ተመልሶ ወደ ሜዳ ገብቶ በአንድ እጅ የተጫወተው ሰው ይህ መሆኑን ሳስብ ይበልጥ ያንገበግበኛል። የዳላስ ጓደኞቹ በሂውስተኑ ጨዋታ ምሽት ሜዳ ላይ ነበሩ፤ እነሱ ከካርላይል ጋር አልተጣሉም።

ይህን ለወንድሜ በግልጽ ነገርኩት። እንዳሸነፈ አልፈነደቀም። ይልቁንም «ታዲያ በ2020 ለሎስ አንጀለስ ሌከርስ ሲጫወት ምን አገኘው?» ብሎ ጠየቀኝ። የአውራ ጣት ስብራት ገጥሞት የተመለሰው ሮንዶ የፍጻሜውን ስድስተኛ ጨዋታ ከተጠባባቂ ወንበር ተነሥቶ 19 ነጥብ አስቆጥሯል፤ ዋንጫም ወስዷል። እዚያ አብሮት የሚጫወተው ሌብሮን ጄምስ እንደነበር፣ ሌብሮንም የሮንዶን ጨዋታ የማንበብ ችሎታ በአደባባይ ሲያደንቅ የኖረ መሆኑን አስታወስኩት።

«እንግዲያው የሚያከብረው የሚያከብሩትን ብቻ ነው ማለት ነው» አለኝ።

አዎን፣ እንደዚያ ይመስለኛል አልኩት።