ያልታጠበ እራፊ

ስፌት ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል። ቀኑን ሙሉ ሲቆረጥ ይዋልና ማታ ከጠረጴዛው ሥር የሚጠረገው ጨርቅ አንዳንዴ ከተሰፋው የሚበልጥ ይመስላል። ሽሮ ሜዳ አካባቢ ባለችው ትንሿ ስፌት ቤታችን ይህን እራፊ የምሰበስበው እኔ ነበርኩ። ማንም አላዘዘኝም። ጨርቅ ሲጣል ማየት አልችልም፣ በቃ። ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ፣ ወገቡ እስኪንቀጠቀጥ ድርና ማጉን ሲያገናኝ ያየ ሰው፣ ስንዝር ጥለት ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ሲገባ አንጀቱ አይችልም።

ስለዚህ እሰበስባለሁ። የቀሚስ ትርፍ፣ የጥለት ጫፍ፣ የገበር ቁራጭ፣ የአቡጀዲ ብጣሽ፣ ሁሉንም ማዳበሪያ ውስጥ እከታለሁ። ሲሞላ አፉን አስሬ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር እገፋዋለሁ። በሁለት ዓመት 11 ማዳበሪያ ደርሶ ነበር። ዕድሜያቸውን በመቀስ የጨረሱት ቆራጫችን ጋሼ እግራቸውን የሚያስገቡበት ሲያጡ ይቆጡኛል። «ልጄ፣ ይሄን ለቁራሌው ስጪና እንገላገል!» የቤቱ ባለቤት እትዬ ደግሞ መጣሉንም አይወዱት፣ ተከምሮ ማየቱንም አይወዱት። «ኧረ አንድ ነገር አድርጊው» ይሉኛል በየሳምንቱ። እኔም «እሺ» እላለሁ። ምን እንደማደርገው ግን ቆም ብዬ አስቤው አላውቅም። አንድ ቀን ይጠቅማል የሚል ነገር ብቻ ነበር ጭንቅላቴ ውስጥ።

ያ አንድ ቀን መጣ።

ከአሜሪካ የመጣች ሴት ሁለት ፌስታል ይዛ ገባች። እናቷ አርፈው አርባቸው ገና መውጣቱ ነው። ፌስታሉ ውስጥ የእናትየው ሁለት ነጠላ፣ አንድ ቀሚስና መቀነት አለ። የምትመለሰው ከ12 ቀን በኋላ ነው። ጨርቆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና «ድሪቶ እንድትሠሩልኝ ነው» አለች።

ጋሼ መቀሱን አስቀመጡት። እኛ አገር ድሪቶ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ያጣ ሰው የሚለብሰው ነው፣ በእራፊ ላይ እራፊ የተለጠፈበት። «የእናትሽን ልብስ ድሪቶ? ምን በወጣቸው!» አሏት። ልጅቷ አልተቀየመችም። ስልኳን አውጥታ ፎቶ አሳየችን። አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ የምትባል የገጠር ቦታ አለች አለችን። እዚያ ያሉ ጥቁር ሴቶች፣ በባርነት የነበሩ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች፣ ካለቀ የሥራ ልብስ፣ ከተቀደደ ሱሪ፣ ካገኙት እራፊ ሁሉ እየቀጣጠሉ ልጆቻቸውን ከብርድ የሚያስጥሉበት አልጋ ልብስ ይሠሩ ነበር። ያ ድሪቶ 2002 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቤት ቴምብር አሳተመበት። ከፎቶዎቹ መካከል ከሞተ ሰው የሥራ ልብስ የተሠራ ነበረበት፣ ጉልበቱ ጋ ያለው የሳሳ ቦታ ሳይቀር ይታያል። ጋሼ መነጽራቸውን አጥልቀው ብዙ አዩት። ከዚያ ምንም ሳይሉ ሜትራቸውን አነሱ።

ነጠላ መቁረጥ ከባድ ነው። ሳስቶ የተሠራ ስለሆነ መቀስ ሲነካው ጠርዙ መተርተር ይጀምራል፣ መኪናው ላይ ስታስገቡትም ጥርሱ ይበላዋል። ስለዚህ ከሥሩ በአቡጀዲ ገበር አደረግንለትና ለስፌቱ የሚተወውን ጠርዝ ሰፋ አደረግነው። ጥሩ እየሄደ ነበር። ችግሩ ጨርቁ አነሰ። ትከሻ ላይ የሚያርፈው ቦታ አልቋል፣ አንደኛው ነጠላ ጫፉ ላይ የከሰል ፍንጣሪ የበሳሳው አለ። ጋሼ ደህና ደህናውን መርጠው ቆረጡና «ለሁለት ሰው አልጋ አይደርስም» አሉ።

እኔ ምን አልኩ? «እራፊ አለን!»

ደስታዬ አሁንም ትዝ ይለኛል። ሁለት ማዳበሪያ ፈትቼ በዓይኔ የሚመሳሰለውን መረጥኩ። ነጭ ፈትል፣ ቀይና አረንጓዴ ጥለት። ቁራጮቹን በእናትየው ነጠላ መሃል መሃል እያስገባን ሰፋነው። ከምን ጨርቅ እንደተረፉ አላወቅሁም፣ የማወቂያ መንገድም አልነበረኝም፣ ሁሉም አንድ ላይ ታስሮ የኖረ ነው። ልጅቷንም ሌላ ጨርቅ እንደምንቀላቅልበት አልነገርኳት። የምታመሰግነኝ ነበር የመሰለኝ።

በ10ኛው ቀን አለቀ። ያምራል። የጋሼ ጠመኔ ምልክት ግን እዚህም እዚያም አለ፣ አንድ ጥግ ላይም የመኪና ዘይት ነክቶታል። እንዲህ አድርጌ አልሰጣትም አልኩና ማንንም ሳልጠይቅ ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ በዱቄት ሳሙና በጥብጬ ነከርኩት። ለበረራዋ ሁለት ቀን ነው የቀረው።

ሩብ ሰዓት ቆይቼ ስመለስ ውሃው የቀይ ሥር ውሃ መስሏል።

አነሳሁት። ቀዩ ጥለት ለቆ አጠገቡ ያለውን ነጭ ሁሉ ሮዝ አድርጎታል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ሲጨመቅ ታየ። አዲሶቹ ቁራጮች ተኮማትረው አሮጌዎቹን ጎትተዋቸው፣ ሜዳ የነበረው አልጋ ልብስ እንደ ጎመን ቅጠል ተጨማዷል። የእናትየው ነጠላ ስንት ዓመት ሙሉ ታጥቧል፣ የሚገባውን ያህል ገብቶ ጨርሷል፣ ከእንግዲህ የትም አይሄድም። የኔ እራፊ ግን ከሸማኔ እጅ ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ ማዳበሪያ የገባ ነው። ውሃ ነክቶት አያውቅም። የእጅ ፈትል ደግሞ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል። ይህን የማላውቅ ሆኜ አይደለም፣ ለደንበኛ በየቀኑ የምናገረው ነው። እራፊው ላይ ግን አላሰብኩትም። እራፊ ነው ብዬ ስላየሁት ጨርቅ መሆኑን ረሳሁት።

ሳፋውን እንደያዝኩ እትዬ ጋ ሄጄ አሳየኋቸው። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እትዬ አልጮሁም። አንድ ቃል ብቻ ነው ያወጡት፣ «እንዳይደርቅ»። የለቀቀ ቀለም ጨርቁ ላይ ከደረቀ፣ ይባስ ብሎ ካውያ ካረፈበት፣ ማስለቀቁ መከራ ነው። ትልቁን በርሜል ሞላንና በብዙ ውሃና በሳሙና ደጋግመን ነከርነው። ውሃ መቀየር ነው፣ እንደገና መቀየር ነው። የጎረቤታችን ልጅ አቼቶና ጨው ይዛ መጣች፣ በቅንነት ነው። እትዬ ግን መለሷት። አቼቶ የሚረዳው ሱፍና ሐር የሚቀለምበትን ዓይነት ቀለም ነው፣ ጥጥ ላይ ያለውን አያስይዘውም። ማታ 2 ሰዓት ሲሆን ውሃው ጠራ።

ከዚያ መተርተር ጀመርን። እርጥቡን፣ በምላጭ ጫፍ፣ ስፌት በስፌት። እኔ የጨመርኳቸው ቁራጮች 23 ነበሩ። ሁሉም ወጡ። ከነሱ አንዱን ነጭ እትዬ በጣታቸው አሹት፣ ክር መዘዙና ክብሪት ለኮሱበት። ጥጥ ሲቃጠል ወረቀት ወረቀት ይሸታል፣ የሚተወውም የሚበን ግራጫ አመድ ነው። ይሄኛው ቀልጦ ጫፉ ላይ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ሆነ። ፖሊስተር ነው። በእናት ነጠላ መሃል ፖሊስተር አስገብቼ ነበር ማለት ነው።

ሮዙ ከአብዛኛው ለቀቀ። የእናትየው ነጠላ ስድስት ቁራጮች ግን፣ ቀዩን ጥለት ተጎራብተው የነበሩት፣ አልጠሩም። መቀየር አለባቸው። በምን? በሌላ ጨርቅ እንዳንል አሁን አይተነዋል። መቀየር የሚቻለው በራሳቸው በእናትየው ነጠላ ብቻ ነው።

«ሲቆረጥ የተረፈው የት ነው?» አሉ እትዬ።

ጋሼ ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ ማዳበሪያዎቹ። የዚያን ቀን ማታ እንደ ልማዴ ወለሉን ጠርጌ፣ የእናትየውን ነጠላ ቁራጭ ከሌላው ጋር ደባልቄ ከትቼዋለሁ። የቱ ማዳበሪያ ውስጥ እንደሆነ አላውቅም። በዚያ ሳምንት ሦስት ማዳበሪያ አፉ ክፍት ነበር።

ሦስቱንም ወለሉ ላይ ዘረገፍናቸው። ነጭ ክምር ነው፣ በመብራት ሁሉም አንድ ነው የሚመስለው። በዓይን መፈለግ እንደማያዋጣ ቶሎ ገባን። ጋሼ በርጩማቸውን ስበው ክምሩ አጠገብ ተቀመጡ፣ መነጽራቸውን አወለቁና ዓይናቸውን ጨፍነው በእጃቸው ይዳስሱ ጀመር። አዲስ ፈትል ሻከር ይላል። ብዙ የታጠበ ጥጥ ደግሞ እጅ ውስጥ ይወድቃል፣ ክብደት የሌለው ይመስላል። አንዱን አነሱና «ይሄ ነው» አሉ። መብራት ሥር ይዤ አየሁት፣ ነጩ ወደ ወተት ያደላል። አሸተትኩት፣ ያ የሳጥን ሽታ አለው። እኔም ጨፍኜ ጀመርኩ። እንዲህ ሆነን እስከ 5 ሰዓት ድረስ 9 ቁራጭ አገኘን። ትልቁ ስንዝር ተኩል ነው። አራቱ ከመዳፍ አይበልጡም። ሦስት ቀን ቀድሞ ቁራሌው መጥቶ ቢሆን ኖሮ እነዚያን ማዳበሪያዎች ጋሼ በደስታ ነበር የሚሰጡት፣ እኔም ለማን እንደሄዱ አላውቅም ነበር።

ትንንሾቹን አቡጀዲ ላይ እየቀጣጠልን ስድስቱን ቦታ ሞላን። የቀረውን ስፋት ግን የምንሞላበት ስለሌለ አሳነስነው።

በማግስቱ ልጅቷ ስትመጣ ከመዘርጋቴ በፊት ሁሉንም ነገርኳት። ሳልነግራት የሌላ ጨርቅ መጨመሬን፣ ሳልጠይቅ ማጠቤን፣ ቀለሙን፣ ሌሊቱን። እትዬ ሊያግዙኝ አፋቸውን ሲከፍቱ «ልጨርስ» አልኳቸው። ልጅቷ ቆማ ሰማችኝ። ስጨርስ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው።

«አሁን በሙሉ የእማዬ ነው?»

«በሙሉ። ከውስጥ ካለው ገበር በስተቀር። ግን አንሷል፣ ከአልጋው ጎን አይወርድም።»

«ይነስ» አለች። «የተረፈውስ?»

የተረፈውን፣ ከጣት የማይሰፋውን ብጣሽ ሳይቀር፣ በንጹሕ ፌስታል አድርጌ ይዤው ነበርና ሰጠኋት። እጇን አስገብታ ዳሰሰችውና ቦርሳዋ ውስጥ ከፓስፖርቷ ጋር ከተተችው። መጀመሪያውኑ አንድ ጥያቄ ብጠይቃት፣ ቁራጩን ምን እናድርገው ብላት፣ ያ ሁሉ ሌሊት አይኖርም ነበር። የሷ ጨርቅ ነው እኮ። እኛ ጠረጴዛ ሥር ስለወደቀ የእኛ አይሆንም።

በሚቀጥለው ሳምንት 11ዱንም ማዳበሪያ ፈታሁ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ሁለቱ ውስጥ አይጥ ልጆቿን አሳድጋባቸዋለች፣ እነሱ ተጣሉ፣ አላዘንኩም። ሌላውን በስንዝር ለካሁት። ከስንዝር በላይ የሆነ ጥጥ ሁሉ በየቀለሙ ተለይቶ በሙቅ ውሃ ታጠበ። ቀዩንና ጥቁሩን እርጥብ ነጭ ጨርቅ አልብሼ ካውያ አሳረፍኩበት፤ ነጩ ላይ ቀለም ካሳተመ ለብቻው ይቀመጣል፣ ከነጭ ጋር አይሰፋም። ፖሊስተሩን በክብሪት እየለየሁ ሌላ ካርቶን ውስጥ አደረግሁት፣ ለጥጥ የሚሆን የካውያ ሙቀት እሱን ያበላሸዋልና። ከስንዝር በታች ያለውን ጥጥ ጋራዥ ለመወልወያ ወሰደልን፣ ዘይት የሚመጥጥላቸው ጥጥ ነው። የደቀቀው የወለል መቀመጫ ትራስ መሙያ ሆነ። ለራስ ትራስ ግን እንዳታደርጉት፣ ይከብዳል፣ ከረጠበም ቶሎ አይደርቅም። 11ዱ አራት ሆኑ፣ አራቱም ላይ በወረቀት ተጽፎባቸዋል፤ ምን ጨርቅ እንደሆነ፣ መታጠቡ፣ ቀለም መልቀቁ። የጋሼ እግር ቦታ አገኘ።

ከሁሉም ግን የጠቀመን ሌላው ነው። አሁን ልብስ ቆርጠን ስንሰፋ የዚያ ልብስ ቁራጭ ወለል አይነካም። ጋሼ እየቆረጡ ጠረጴዛው ጎን የተንጠለጠለ ፌስታል ውስጥ ይጥሉታል፣ ልብሱ ሲያልቅ ፌስታሉ አብሮ ይሄዳል። አንዳንዱ ደንበኛ «ይሄ ቆሻሻ ምን ያደርግልኛል?» ይላል። ካልፈለገ ይተውልናል፣ የኛ የሚሆነው ያኔ ነው።

ባለፈው ወር አንዲት እናት መጡ። ከስምንት ወር በፊት ለፋሲካ የሰፋንላቸው ቀሚስ ቡና ሲያፈሉ ፍንጣሪ ወድቆበት እጅጌው ላይ በስቷል። ጥለቱ መሃል ነው የበሳው። ያን ጥለት የሠራው ሸማኔ አገሩ ገብቷል፣ ቀለሙን ገበያ ብትዞሩ አታገኙትም። እኔ ምን ልበላቸው እያልኩ ስጨነቅ እሳቸው ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈቱ። ፌስታሉን ሳይጥሉት አስቀምጠውት ኖሯል። ውስጡ አራት ጣት የምታህል የዚያው ጥለት ቁራጭ አለች። ቀሚሱ ብዙ ጊዜ ታጥቧል፣ ቁራጯ አልታጠበችም። ለብ ባለ ውሃ አጠብኳት፣ ጥላ ላይ አደረቅኋት፣ በማግስቱ ሰፋኋት።